እርምጃ ቈጣሪው ሰዓት፤ ምስክር ነው ወይስ ዳኛ?

ሰው የሚኖርበትን ዓለም ካልለካና ካልቈጠረ ልቡ አያርፍም። መሬቱን በጋሻ፣ እህሉን በቍና፣ ጨርቁን በክንድ፣ መንገዱን በቀን ጉዞ ሲለካ ኖሮ፣ ከዚያም ወደ ሜትርና ወደ ኪሎ ግራም ተሸጋግሯል። በዚህ ሁሉ ዘመን ግን ለኪው ሰው፣ ተለኪው ዕቃ ነበር። ዛሬ ነገሩ ተገላብጦ ለኪው ዕቃ፣ ተለኪው ሰው ሆኖ እናገኘዋለን። በእጃችን አንጓ ላይ የምናስራት ትንሽ መሣሪያ በቀን ስንት ጊዜ እንደ ተራመድን፣ ልባችን በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደ መታ፣ ሌሊቱንም ስንት ሰዓት እንደ ተኛን ትነግረናለች። ወጣቶቻችን «ስማርት ዎች» ይሏታል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ እርምጃ ቈጣሪ ሰዓት ብለን እንጠራታለን።

ይህች ሰዓት ከጥቂት ዓመታት በፊት በአብዛኛው የሯጮች መሣሪያ ነበረች። አሁን ግን ረከስ ባለ ዋጋም ስለምትገኝ፣ ከሰበታ በጅማ መንገድ፣ ከቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ከሱሉልታ በጎጃም መንገድ ማለዳ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ከሚገሠግሠው የመንግሥት ሠራተኛ፣ መምህርና ተማሪ መካከል በእጁ ላይ ያሰራት ጥቂት አይደለም። እነዚህ ሦስት ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉ ሲሆኑ፣ ዋና ከተማችንን እንደ መቀነት ከከበቧት መካከል ናቸው። ታክሲ ለመጠበቅ ሰልፍ ይዘን ዙሪያችንን ስንመለከት፣ አንዱ እጅጌውን ገለጥ አድርጎ ቍጥሩን ያያል፤ ሌላው ደግሞ «ዛሬ ስንት ሞላህ?» ብሎ ጓደኛውን ይጠይቃል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ውስጡ ሲመረመር ግን ከባድ የኅሊና ጉዳይ ይዞ ይገኛል።

ጉዳዩም ይህ ነው። ስለ ገዛ ኑሯችን የሚነግረን መሣሪያ ከፊታችን የሚቆመው ምስክር ሆኖ ነው ወይስ ዳኛ ሆኖ? የአገራችን ሰው ሙግት ዐዋቂ ስለ ሆነ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ማስረዳት ብዙም አያስፈልግም። ምስክር ያየውንና የሰማውን ብቻ ይናገራል፤ ካየው አልፎ ቢናገር ቃሉ ይጣላል። ዳኛ ግን የምስክሩን ቃል ሰምቶ፣ ከሌላው ማስረጃ ጋር አመዛዝኖ፣ ሕጉን አገናዝቦ ይፈርዳል። ምስክር በዳኛ ወንበር ላይ የተቀመጠ እንደ ሆነ ፍርድ ይጓደላል። እኛም በዚህ ጽሑፍ የምንለው፣ ቍጥር መልካም ምስክር ነው፤ በዳኛ ወንበር ላይ ግን ሊቀመጥ አይገባውም ነው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ አስቀድመን ይህ ምስክር የሚያየው ምን እንደ ሆነ እንመርምር። በሰዓቲቱ ውስጥ የእንቅስቃሴን ለውጥ የሚለይ እጅግ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ስሙም አክስለሮሜትር ይባላል። ሰው ሲራመድ እጁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዘ የታወቀ ምት ስለሚያሳይ፣ መሣሪያው ያንን ምት እያየ እርምጃ ብሎ ይቈጥረዋል። ከሰዓቲቱ ሥር ደግሞ አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ ይፈነጥቃል። ደም አረንጓዴ ብርሃንን ስለሚውጥ፣ ልብ በመታ ቍጥር ከቆዳው ሥር ያለው ደም ሲበዛ የሚመለሰው ብርሃን ያንሳል፤ ደሙ ሲያንስ ብርሃኑ ይበዛል፤ ከዚህም የልብ ምት ይታወቃል። የተሄደበት ርቀት በብዙዎቹ ላይ በሰማይ ከሚዞሩት ሳተላይቶች በሚመጣ ምልክት ይሰላል። እንግዲህ ምስክራችን የሚያየው የእጅን መወዛወዝ እንጂ የእግርን መድረሻ፣ የደምን መመላለስ እንጂ የልብን ሐሳብ አይደለም።

ከዚህም የተነሣ ቃሉ በአንዱ ነገር የታመነ፣ በሌላው የላላ ነው። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት ሰባት ዓይነት የእጅ መሣሪያዎችን በ60 ሰዎች ላይ ፈትነው፣ ከሰባቱ ስድስቱ የልብን ምት ሲለኩ ስሕተታቸው ከመቶ 5 በታች ሆኖ አገኙት። ሰውነት ያቃጠለውን ኃይል ሲገምቱ ግን ከሁሉ የተሻለው ከመቶ 27፣ ከሁሉ የከፋው ከመቶ 93 ያህል ተሳስቶ ተገኘ። በመስተዋቱ ላይ ግን ሁለቱም ቍጥሮች እኩል ደምቀው፣ እኩል ጠርተው ይታያሉ። ሰው ሲጠራጠር ድምፁ ይለሰልሳል፤ «ይመስለኛል» ይላል። መሣሪያው ግን «ይመስለኛል» ማለትን አያውቅም። ተመልካቹም የታመነውንና የላላውን ቃል ሳይለይ ሁለቱንም እንደ እውነት ተቀብሎ ይሄዳል።

ቀጥለን ብዙ ሰው እንደ ሕግ የተቀበለውን የ10,000 እርምጃ ነገር እንመልከት። ይህን ቍጥር ያልሞላ ሰው ቀኑ የባከነ መስሎት፣ ማታ ቤተ ሰቡ ለራት ተሰብስቦ ሳለ እርሱ በሳሎኑ ውስጥ ብቻውን ሲመላለስ ይታያል። ሕጉን የደነገገው ማን ነው? ብለን ብንጠይቅ ታሪኩ ወደ ቶኪዮ ይወስደናል፤ በዚያም የእኛን ሰው እናገኛለን። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ የቶኪዮን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ፈጽሞ ለሁለተኛ ጊዜ የኦሊምፒክ ወርቅ ተሸለመ። ያ የኦሊምፒክ በዓል በጃፓን ሕዝብ ዘንድ የአካል እንቅስቃሴን ፍቅር አነሣሣ። በማግሥቱ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ ያማሳ የተባለ የጃፓን ኩባንያ በወገብ ላይ የሚታሰር መቍጠሪያ ሠርቶ «ማንፖ ኬይ» በሚል ስም ለገበያ አቀረበ። ትርጓሜውም «የዐሥር ሺህ እርምጃ መለኪያ» ማለት ነው። ዐሥር ሺህ ለጆሮ የሚጥም፣ ለማስታወስ የሚቀል ሙሉ ቍጥር ነው፤ ሐኪሞች ተሰብስበው የሰውን ዕድሜ መርምረው የወሰኑት ልክ ግን አልነበረም።

ምርመራው የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ አማካይ ዕድሜያቸው 72 ዓመት በሆነ 16,741 ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ታተመ። በቀን ወደ 4,400 እርምጃ የሚሄዱት፣ ወደ 2,700 ብቻ ከሚሄዱት ይልቅ በጥናቱ ዘመን ውስጥ የሞቱት በቍጥር ያነሱ ሆነው ተገኙ፤ ልዩነቱም እስከ 7,500 ገደማ እያደገ ሄዶ ከዚያ ወዲያ ብዙም አልጨመረም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ መከረ እንጂ የእርምጃ ቍጥር አልወሰነበትም። ስለዚህ ብዙዎቻችን እንደ ሕግ የምንፈራው ቍጥር ከነጋዴ ማስታወቂያ የተወለደ ነው። ብዙ ሰው ከወንበሩ አስነሥቷልና አንነቅፈውም፤ ነገር ግን መነሻውን ሳይመረምሩ ለቍጥር መገዛት፣ ጌታውን ሳያውቁ ሎሌ እንደ መሆን ያለ ነው።

ቍጥር ሊያሳስት እንደሚችል፣ ከቶኪዮ አራት ዓመት ቀደም ብሎ በሮም የሆነውም ያስተምረናል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በዐዲሱ ዓመት ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን ሲሮጥ፣ ከአሠልጣኙ ከስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ጋር በተነጋገሩት መሠረት ዋና ተቀናቃኙን ሞሮኳዊውን ራዲ ቤን አብደሰላምን በ26 ቍጥር ይጠብቀው ነበር። ራዲ ግን በዚያ ቀን የለጠፈው 185 ቍጥርን ነበር። አበበም 26 ቍጥርን ወደ ፊት እየፈለገ፣ ከጎኑ የሚሮጠው ሰው ራሱ ራዲ መሆኑን ሳያውቅ አብሮት ረጅም መንገድ ሮጠ። በመጨረሻም በዚያን ጊዜ በሮም ቆሞ ከነበረው ከአክሱም ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ፍጥነቱን ጨምሮ ተለየውና በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አንደኛ ወጣ። ቍጥሩ አሳስቶት ነበር፤ ያላሳሳቱት የገዛ እግሩና የገዛ ትንፋሹ ናቸው።

ይህን ስንል ግን ቍጥርን መናቃችን አይደለም። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2019 የበርሊንን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሴኮንድ ሲፈጽም፣ በዚያ ጊዜ ከነበረው የዓለም ክብረ ወሰን የራቀው በ2 ሴኮንድ ብቻ ነበር። ለሯጭ ሴኮንድ ማለት እንጀራ ነው። ስለዚህ በሱሉልታ ሜዳ ማለዳ ልምምድ የሚያደርጉ ብዙ ሯጮች ርቀትና ፍጥነት የሚለካ ሰዓት በእጃቸው ላይ ቢያስሩ አያስገርምም። ነገር ግን ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል፣ በዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ያው ቍጥር በሱሉልታ አንድ ነገር፣ በበርሊን ሌላ ነገር ይናገራል። ኮረኮንቹ፣ ጭቃው፣ ዳገቱና የትናንቱ ድካም ሁሉ ታስቦ ካልተመዘነ ቍጥሩ ብቻውን ያሳስታል፤ የሚመዝነውም አሠልጣኙና ሯጩ ራሱ ነው። በአገራችን ከሯጮች ጋር የኖረው የብሪታንያ ተወላጅ ማይክል ክራውሊ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሯጮቻችን ብቻን መሮጥን እንደማይወዱ፣ በጫካ ውስጥም በረድፍ ሆነው የፊተኛውን እግር እየተከተሉ እንደሚሮጡ ገልጿል። ፊተኛው ይመራል፤ ኋለኛው ይበረታል። ይህን መተጋገዝ የሚቈጥር ሰዓት ገና አልተሠራም።

ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ የእንጦጦን ተራራ እናገኛለን። በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው በእንጦጦ ፓርክ ውስጥ ጤናቸውን የሚጠብቁ ሰዎች ሰዓታቸውን እያዩ ይሮጣሉ፤ ይራመዳሉ። በዚያው ተራራ ላይ የባሕር ዛፍ እንጨትና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱት እናቶች ደግሞ ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ የታወቁ ናቸው። አሁን ሰዓቲቱን ከስፖርተኛው እጅ ፈትተን ከእንጨት ተሸካሚዪቱ እጅ ላይ ብናስራት ምን ትመሰክራለች? እናቲቱ ጎንበስ ብላ የሸክሙን ገመድ በሁለት እጇ ጨብጣ ስለምትይዝ እጇ አይወዛወዝም፤ ስለዚህ መሣሪያው ከእርምጃዋ ብዙውን ሳይቈጥር ሊያልፈው ይችላል። በቡና ቤት ተቀምጦ እጁን እያወናጨፈ ለሚያወራው ሰው ግን ያልተራመደው እርምጃ ሊጻፍለት ይችላል። ምስክሩ የሚያየው እጅን ብቻ ስለ ሆነ፣ ይህ ውሸት ነው ልንለው አንችልም። ነገር ግን በዚህ ምስክር ቃል ብቻ የፈረድን እንደ ሆነ፣ ሸክም የከበደበትን ሰነፍ፣ ወሬ የበዛበትን ትጉህ እንላለን።

ቈጠራው ያለ እንከን ቢሆን እንኳ የእርምጃ ዋጋ በቍጥሩ አይታወቅም። አንድ ሹም ከመኪናው ወርዶ ለጤናው 10,000 እርምጃ ቢሄድ መልካም አደረገ። በቡራዩ አንድ የቀን ሠራተኛ ሲሚንቶ ተሸክሞ ከምድር ወደ አራተኛ ፎቅ ሲመላለስ ውሎ ማታ እግሩን ቢዘረጋ እርሱም መልካም አደረገ፤ ለእርሱ ጤና ማለት ዕረፍት ነውና። አንዲት ሴት ሥራዋን አቋርጣ የታመመች ጎረቤቷን ለመጠየቅ 500 እርምጃ ብትሄድ፣ ከሁለቱም የሚበልጥ መንገድ ሄዳ ይሆናል። ሰዓቲቱ ለሦስቱም የምትሰጠው ቍጥር ብቻ ነው፤ ወዴት? ለማን? ስለ ምን? የሚለውን አትጠይቅም። የምግባር ዋጋ የሚለካው ግን በእነዚህ በሦስቱ ጥያቄዎች ነው።

አባቶቻችን ቈጠራን ያውቁ ነበር፤ አልናቁትምም። የእጅ ሰዓት ወደ አገራችን ሳይገባ፣ ሊቃውንቱ በፀሐይ ላይ ቆመው የገዛ ጥላቸውን ርዝመት በጫማቸው እየለኩ የቅዳሴውንና ከጾም የመውጫውን ሰዓት ያውቁ ነበር፤ ጥላው ከወር ወር ስለሚለዋወጥም ለየወሩ ልኩን በሠንጠረዥ ጽፈውት ይገኛል። ክርስቲያኑ በመቍጠሪያው 41 ጊዜ እግዚኦ ይላል፤ ሙስሊሙም በተስቢሑ የፈጣሪውን ስም እየቈጠረ ያወሳል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ቍጥሩ የሐሳብ መሰብሰቢያ እንጂ የጽድቅ ዋጋ አልነበረም። መቍጠሪያውን ፈጥኖ ስለ ጨረሰ ከሌላው ይልቅ ጸለየ የሚባል የለም። በወንጌል የተነገረለት ፈሪሳዊም በሳምንት ሁለት ጊዜ መጾሙንና ዐሥራት ማውጣቱን ሲቈጥር ቍጥሩ ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ጸድቆ ወደ ቤቱ የተመለሰው ምንም የሚቈጥረው ያልነበረው ቀራጭ ነው። ስሕተቱ ምስክሩን አምጥቶ በዳኛው ቦታ ማስቀመጡ ነበር።

ቍጥር ለዓላማ ሲገዛ እንዴት እንደሚያምር ለማሰብ ደግሞ ወደ ሰበታ እንሂድ። በዚያ የብዙ ዓይነ ሥውራን ተማሪዎች መማሪያ የሆነው የሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ይገኛል። ዓይኑ የማያይ ሰው ከመኝታው እስከ መማሪያ ክፍሉ፣ ከክፍሉ እስከ ውሃው ቧንቧ ስንት እርምጃ እንደሆነ ቢቈጥር፣ ቍጥሩ ለእርሱ እንደ በትሩ መሪ ይሆነዋል። ከደረሰ በኋላ ግን አይፎክርበትም፤ «ዛሬ ስንት ሞላሁ?» ብሎም አይጨነቅበትም። መድረሻውን ስለሚያውቅ ቍጥሩን ይጠቀምበታል እንጂ ቍጥሩ አይጠቀምበትም። የማየት ጸጋ ያለን እኛ ግን መድረሻችንን ረስተን ቍጥሩን ብቻ የምናይበት ጊዜ አለ።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ሰዓቲቱ ስንቱን ሰነፍ አስነሥታ፣ ስንቱን በሽተኛ አትርፋ ሳለ ይህን ያህል መመርመር ምን ይጠቅማል?» ይለን ይሆናል። ተቃውሞው ፍሬ ያለው ነው። ቀኑን ሙሉ በወንበር ላይ ለምንውለው የቢሮ ሰዎች፣ 2,000 እርምጃ ብቻ ሄዳችኋል የሚለን እውነተኛ ምስክር ያስፈልገናል፤ ሰው ለራሱ ሲመሰክር ያዳላልና። የልብ ነገርም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ በታተመ ታላቅ ጥናት ከ400,000 በላይ የእጅ ሰዓት ያሰሩ ሰዎች ተከታትለው ሲታዩ፣ ከ200 ሰዎች አንድ ያህሉ የልብ ምታቸው የተዛባ ሊሆን እንደሚችል ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። ይህ ትልቅ አገልግሎት ነው። ነገር ግን ሥርዐቱን ልብ ብለን እንመልከት። ማስጠንቀቂያው የደረሰው ሰው በሐኪም እንዲመረመር ተደረገ እንጂ «ታመሃል» ተብሎ አልተፈረደበትም። ምስክሩ ቃሉን ሰጠ፤ ፍርዱ ለሐኪሙ ተተወ። እኛም የምንሻው ይህንኑ ሥርዐት ነው።

ሥርዐቱ የፈረሰ እንደ ሆነ ግን መድኀኒቱ በሽታ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የእንቅልፍ ሐኪሞች የሰዓታቸውን የእንቅልፍ ቍጥር ፍጹም ለማድረግ ሲጨነቁ እንቅልፍ ያጡ ሰዎችን አግኝተው ለዚህ ነገር የተለየ ስም እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ሰዓቲቱ እንቅልፍን የምትገምተው ከሰውነት እንቅስቃሴና ከልብ ምት ተነሥታ ስለ ሆነ ልትሳሳት ትችላለች። አንድ ሰው ማለዳ አእምሮው ጠርቶ፣ ሰውነቱ ተነቃቅቶ ቢነሣና ሰዓቱ «ክፉኛ ተኝተሃል» ቢለው፣ ማንን ያምናል? ሰዓቱን አምኖ የደከመ መስሎት ከዋለ፣ የገዛ አካሉን ምስክርነት ንቆ የባዕድን ቃል ተቀበለ ማለት ነው። ራስን ማወቅ ታላቅ ጥበብ መሆኑን የጥንት ሰዎች ነግረውናል፤ ስለ ራስ የተጻፈ ቍጥርን ማንበብ ግን ራስን ከማወቅ ጋር አንድ አይደለም።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። ይህ ምስክር ለእኛ ብቻ አይናገርም፤ የቈጠረውን ወደ ኩባንያው ማኅደር ይልካል። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ስትራቫ የተባለው የስፖርተኞች ኩባንያ ሯጮች የሄዱበትን መንገድ በዓለም ካርታ ላይ አሳይቶ ነበርና፣ በልዩ ልዩ አገር የሚገኙ ወታደሮች በየሰፈራቸው የሮጡበት መንገድ በካርታው ላይ እንደ ብርሃን ቦግ ብሎ ታየ። ወታደሮቹ ለጤናቸው ሮጡ እንጂ የጦር ሰፈራቸውን ለመግለጥ አላሰቡም። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 1321/2016 የጤናን መረጃ ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው መካከል ቈጥሮታል። ዐዋጁ መውጣቱ መልካም ነው፤ ሆኖም የልቡን ምት ለማን እንደሚገልጥ ማሰብ የእያንዳንዱ ሰው ፈንታ ነው። የልባችንን ትርታ የሚያውቁ ሰዎች ድሮ እናታችንና ሐኪማችን ብቻ ነበሩ።

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ሰዓት ቢመስልም፣ ነገሩ ወደ ቢሮአችንና ወደ ትምህርት ቤታችን ይዘልቃል። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ቻርልስ ጉድኸርት እ.ኤ.አ. በ1975 ባቀረበው ሐሳብ መሠረት፣ አንድ መለኪያ ሰዎችን ለመቈጣጠሪያ ሲውል መለኪያነቱ ይበላሻል። ይህን በሰዓቲቱ ላይ በዓይናችን እናየዋለን፤ ተቀምጦ እጁን እያወዛወዘ ቍጥር የሚሞላ ሰው አለና። በቢሮም በቀን የተዘጋው መዝገብ ብዛት ብቻ የተቈጠረ እንደ ሆነ፣ ቀላሉ ጉዳይ ቶሎ ይዘጋል፤ የባለ ጉዳዩ እንባ ያለበት ከባዱ መዝገብ ግን ከሥር ይቀመጣል። በትምህርት ቤትም ማርክ ብቻ የታየ እንደ ሆነ ተማሪው ለማወቅ ሳይሆን ለመሙላት ይማራል። ሪፖርቱ ያማረ፣ ሥራው የከሳ መሥሪያ ቤት፣ እጁን በማወዛወዝ 10,000 የሞላውን ሰው ይመስላል። ሪፖርት መጻፍ ይቅር አንልም፤ ቍጥር የሌለበት ሥራ ለሰነፍ መሸሸጊያ ይሆናልና። የምንለው፣ ሪፖርቱን የሚያነብ ሹም ምስክር እየሰማ መሆኑን አይርሳ ነው፤ ፍርዱ የሚጠበቀው ከእርሱ ነው።

እንግዲህ ሰዓቲቱን ያሰራችሁ አንባብያን ሆይ፣ ፈትታችሁ ጣሏት አንላችሁም። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ቀን በአደባባይ እንዳስተማረን፣ መራመድ ለአካልም ለመንፈስም በጎ ነው፤ ለመራመድ የሚያነሣሣ ሁሉ ይመስገን። ነገር ግን ሦስት ነገር እንመክራለን። አንደኛ፣ ምስክራችሁ የሚያየውንና የማያየውን ለይታችሁ ዕወቁ። ሁለተኛ፣ ቍጥሩን ከማየታችሁ በፊት ሰውነታችሁንና ኅሊናችሁን ጠይቁ፤ ከዚያ በኋላ ቍጥሩን አይታችሁ አመዛዝኑ። ሦስተኛ፣ በእናንተ ቍጥር በሌላው ላይ አትፍረዱ፤ የእርሱን ሸክም ሰዓታችሁ አታየውምና።

ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የተረቱ ትርጉም በስንት እርምጃ እንደ ሄደ አልነገረንም፤ የነገረን እንቍላል የነበረው ሕይወት ዘርቶ፣ ቅርፊቱን ሰብሮ፣ በገዛ እግሩ መቆሙን ነው። የሰውም ጉዞ እንዲሁ ነው። ሲመሽ ሰዓቲቱ የዕለቱን ቍጥር ትናገራለች፤ ያ ቍጥር ወደ መልካም ነገር የተሄደበት መሆን አለመሆኑን ግን መፍረድ የሚገባው ባለ እግሩ ነው።